የጎረቤትን ሃይማኖት ስለ ማወቅ

ተማሪዎች ሆይ፤ ስለ ሰው ሃይማኖት መናገር ቀላል ነው፤ ሰውየው ራሱ እየሰማ መናገር ግን ከባድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው። አስተያየት እንደ መሆኑ መጠን የማትስማሙበት ነገር ቢኖር መብታችሁ ነው። ሆኖም ማስረጃዎቼን እስከ መጨረሻው ተከታትላችሁ ከመረመራችሁ በኋላ እንድትፈርዱ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በአንድ የአውራጃ ከተማ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ የባለቤትንና የግስን ስምምነት ለማስረዳት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጻፍሁ። የመጀመሪያው «ክርስቲያኖች ክርስቶስን ያመልካሉ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «እስላሞች መሐመድን ያመልካሉ» ይላል። ባለቤቱ ብዙ ቍጥር ነው፤ ግሱም ብዙ ቍጥር ነው፤ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ተማሪዎቹም ያለ አንዳች ጥያቄ ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። የዕረፍት ደወል ከተደወለ በኋላ ግን ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ ቀረበና፣ «መምህር፣ እኛ ነቢያችንን እንወዳቸዋለን፣ እናከብራቸዋለን እንጂ አናመልካቸውም። የምናመልከው አላህን ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ሌላ ማምለክ በእኛ ዘንድ ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው» አለኝ።

እጅግ አፈርሁ። የተወለድሁት ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ለአጥር በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ጎሕ ሳይቀድ የአዛን ድምፅ ሲሰማ እናቴ ለራሷ ጸሎት ትነሣ ነበር፤ እኔም በዒድ ቀን ከጎረቤት የሚላክልንን ዳቦ እየበላሁ አድጌአለሁ። ከሃያ ዓመት ጉርብትና በኋላ ግን፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግደው ጎረቤቴ ማንን እንደሚያመልክ አላውቅም ነበር። ስሕተቱ ከጥላቻ የመጣ አልነበረም። በራሴ ልክ የሌላውን ሰው ልብስ ለመቍረጥ ስለ ሞከርሁ ነው። በክርስትና ማእከላዊው ቦታ የክርስቶስ ስለ ሆነ፣ በእስልምናም ያንን ቦታ የያዘው ነቢዩ መሆን አለበት ብዬ ደመደምሁ። ሁለቱን ሃይማኖቶች አነጻጽረው ያጠኑ ሊቃውንት የሚሉት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ክርስቲያኖች የእግዚአብሔር ቃል ሥጋ ሆነ ብለው ያምናሉ፤ ሙስሊሞች ደግሞ የአላህ ቃል ቍርኣን ሆኖ ወረደ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ማነጻጸር ካስፈለገ፣ ክርስቶስን ከነቢዩ ይልቅ ከቍርኣን ጋር ማነጻጸር ወደ እውነቱ ይቀርባል ይላሉ። ይህን ያወቅሁት ያ ልጅ ካረመኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ አስተያየቴ የሚከተለው ነው። ስለ አንድ ሃይማኖት የጻፍነው ነገር ትክክል መሆኑ የሚታወቀው፣ የዚያ ሃይማኖት ተከታይ አንብቦት «አዎን፣ ይህ የእኔ እምነት ነው» ሊል ሲችል ነው። እንድናሞግሰው አይጠበቅብንም፤ ከእሱ ጋር እንድንስማማም አይጠበቅብንም። በጻፍነው ውስጥ ራሱን ካላገኘ ግን የጻፍነው ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሳችን ግምት ነው።

የሌላውን ሃይማኖት ማወቅ የራስን ያስረሳል ብለው የሚሠጉ ወላጆች አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ልጃቸውን ከመውደድ የመጣ ነውና። እኔ ያየሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ያው ተማሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጥቶ፣ «መምህር፣ እናንተስ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማትበሉት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የዓርብን አውቀዋለሁ፤ ክርስቶስ የተሰቀለበት ቀን ነው። ስለ ረቡዕ ግን የምመልሰው አጣሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጾሜዋለሁ፤ ለምን እንደምጾመው ግን ጠይቄ አላውቅም። በማግሥቱ ወደ አንድ ቄስ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ረቡዕ የአይሁድ አለቆች ክርስቶስን ለመያዝ የመከሩበት ዕለት መሆኑን አስረዱኝ። የሙስሊም ልጅ ጥያቄ ወደ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መለሰኝ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ነገር ሊነሣበት አይገባም ይላሉ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት መስበክ እንደማይገባ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ስብከትና ማስረዳት አንድ አይደሉም። ሰባኪው «እመን» ይላል፤ አስረጂው «እንዲህ ያምናሉ» ይላል። ይህን ጽሑፍ በሰዋስውና በድርሰት መጽሐፍ ውስጥ ማግባቴም ስለዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በግሱ ላይ ነውና።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግል አንድ ትንሽ ቃል አለው፤ ይኸውም «ብሎ» ነው። አንድ ሙስሊም ተማሪ «ክርስቲያኖች ክርስቶስ በሦስተኛው ቀን ከሙታን ተነሣ ብለው ያምናሉ» ብሎ ቢጽፍ ከእምነቱ አልወጣም። አንዲት ክርስቲያን ተማሪም «ሙስሊሞች ቍርኣን በመልአኩ ጂብሪል አማካይነት ለነቢዩ ወረደ ብለው ያምናሉ» ብላ ብትጽፍ እምነቷን አልካደችም። ሁለቱም የጻፉት እውነት ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ መሣሪያ ጠማማ ሆኖም ሊያገለግል ይችላል። የራሱን ሃይማኖት በ«ነው» እየጻፈ የሌላውን ግን «ይመስላቸዋል» በሚል ግስ የሚዘጋ ጸሐፊ አለ። «ያምናሉ» እና «ይመስላቸዋል» በመዝገበ ቃላት ጎረቤት ቢሆኑም፣ ሁለተኛው ፈገግታ አለበት፤ ፈገግታውም የንቀት ነው።

አጠራርም እንዲሁ ነው። «እስላም» የሃይማኖቱ ስም ሲሆን ተከታዩ «ሙስሊም» ይባላል፤ እኔ በሰሌዳው ላይ ይህንንም ስቼ ነበር። ከዚህ የከበደው ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በመጻሕፍትና በንግግር ይሠራበት የነበረው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚለው አነጋገር ነው። «የሚኖሩ» የሚለውን ግስ ተመልከቱት። ስድብ አይደለም፤ ነገር ግን የአገሩን ተወላጅ እንግዳ ያደርገዋል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ክርስቲያኖች» ብሎ የሚጽፍ አልነበረምና። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች እኩልነታቸው እንዲታወቅ በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ባደረጉ ጊዜ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባል ከዚያ ጥያቄ ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። በጎንደርና በትግራይ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት አይሁድም ራሳቸውን «ቤተ እስራኤል» ሲሉ፣ ሌላው ሰው ግን «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። ይህም «ፈለሰ» ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘና መጻተኛ የሚያሰኝ ስም ነው። ስለ ሰዎች ስትጽፉ መጀመሪያ ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ አንድ ቃል መርጠን ጉዳዩን ጠለቅ ብለን እንመልከት። ቃሉ «ጾም» ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ ዳርና ዳር በሚኖሩ ሁለት ቤቶች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለት ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾምና የሙስሊሞች የረመዳን ጾም በአንድ ዕለት ተጀመሩ። በኦርቶዶክሱ ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል ለ55 ቀናት ከማእድ ተነሡ። አጥብቆ የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ምንም ሳይቀምስ ይቈያል፤ ሲበላም ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ነው። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ጎሕ ከቀደደበት ጊዜ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምግብ ብቻ ሳይሆን ውሃም አይቀመስም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በተምርና በውሃ ይፈታና ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ሥጋውም ይቀርባል። አንደኛው ጾም በዋናነት «ምን ትበላለህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «መቼ ትበላለህ?» ይላል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን በምሽት የሥጋውን ሽታ ሰምቶ «ይህስ ምን ጾም ነው?» ይላል። ይህን የማያውቅ ሙስሊምም ጎረቤቱ በቀትር ውሃ ሲጠጣ አይቶ ያንኑ ይላል። ሁለቱም የሌላውን ጾም በራሳቸው ጾም መዝነው ቀላል ሆኖ አገኙት ማለት ነው።

የጾሞቹም ምክንያት አንድ አይደለም። ዐቢይ ጾም ክርስቶስ በገዳም የጾመውን አርባ ቀን የሚያስብና ምእመኑን ለስቅለትና ለትንሣኤ በዓል የሚያዘጋጅ ነው። ረመዳን ቍርኣን መውረድ የጀመረበት ወር ስለ ሆነ ይከበራል፤ መጾሙም ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ አራቱ የአላህን አንድነትና የመሐመድን መልእክተኛነት መመስከር፣ ሶላት፣ ዘካ፣ ለቻለም በዕድሜ አንድ ጊዜ ወደ መካ የሚደረገው ሐጅ ናቸው። ዘካ ማለት ከተወሰነ መጠን በላይ ሆኖ ዓመት ከሞላው ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል ለተቸገሩት መስጠት ነው። የታመመና መንገደኛ የሆነ ሙስሊም ጾሙን አቈይቶ በሌላ ጊዜ ሊያካክሰው ይችላል። የእስልምና ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ይህ ጎልቶ አይታየንም። ወደ ስዊድንና ወደ ኖርዌይ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ግን ረመዳን በበጋቸው ወቅት ሲውል ከዐሥራ ስምንት ሰዓት በላይ የሚጾሙበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ጨርሶ በማትጠልቅበት በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ከተማ ወይም የመካን ሰዓት እንዲከተሉ ሊቃውንቶቻቸው ይመክራሉ።

ክርስቲያን ሁሉ እንደ ኦርቶዶክሱ ይጾማል ማለትም ስሕተት ነው። በቀን መቍጠሪያ የተወሰነ ጾም የሌላቸው የወንጌላውያን ክርስቲያኖች፣ ስለ አንድ ጉዳይ በሚጸልዩበት ጊዜ ከምግብ ሁሉ ይከለከላሉ። ካቶሊኮችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ወደ አይሁድ እምነት እንለፍ። የአይሁድ ታላቁ ጾም ዮም ኪፑር ይባላል፤ ቤተ እስራኤል «አስተሥርዮ» ይሉታል። ከአንዱ ቀን ፀሐይ መጥለቂያ አንሥቶ እስከ ማግሥቱ ምሽት፣ 25 ሰዓት ያህል እህልም ውሃም ሳይቀመስ ስለ ኃጢአት ይቅርታ ይለመናል። ከዚያ ቀን በኋላ በኃምሳኛው ቀን ቤተ እስራኤል «ስግድ» የተባለውን በዓል ያከብራሉ፤ ስሙ «ሰገደ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በጎንደር በነበሩበት ዘመን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቻቸው ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ፤ ምእመናኑም ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ እየጸለዩ እስከ እኩለ ቀን ይጾሙና ከሰዓት በኋላ ወርደው በደስታ ይበላሉ። በግንቦት ወር 1991 እ.ኤ.አ. በሁለት ቀን ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ይጾሙት የነበረውን ጾም ኢየሩሳሌም ከደረሱ በኋላም አልተዉትም፤ አሁን ከተማይቱን ቍልቍል በሚያሳይ ኰረብታ ላይ ተሰብስበው ያከብሩታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል። ተራራው ቢለወጥም ግሱ ያው «ሰገደ» መሆኑ ለእኔ ለሰዋስው መምህሩ የሚያስደስት ነገር ነው።

ወደ ህንድ ደግሞ የሚወስደኝ አንድ ትዝታ አለ። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ የህንድ መምህራን ያስተምሩ ነበር። የእኛ የሒሳብ መምህር ሥጋ የሚባል አይነኩም፤ በፋሲካ ቀን እንኳ ተጋብዘው ያልቀመሱ መሆናቸውን ሰማን። በእኛ አእምሮ ሥጋ አለመብላት ማለት ጾም ማለት ብቻ ስለ ነበር፣ «ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ባሕታዊ ናቸው» የሚል ወሬ ተነዛ። በመጨረሻ አንዱ ደፋር፣ «መምህር፣ ጾምዎ የሚፈታው መቼ ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ስቀው፣ ጾም አለመሆኑን በቀስታ አስረዱን። የሂንዱ እምነት ተከታይ ነበሩ። ሂንዱዎች ነፍስ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ደጋግማ ትወለዳለች፣ የሥራዋም ፍሬ ይከተላታል ብለው ያምናሉ፤ የሥራውን ፍሬ «ካርማ»፣ ከዚህ ዑደት ነፃ መውጣትን «ሞክሻ» ይሉታል። ሕይወት ያለውን ፍጡር አለመጕዳት፣ በእነርሱ አጠራር «አሂምሳ»፣ ከታላላቅ ትምህርቶቻቸው አንዱ ነው። መምህራችን ሥጋ የማይበሉት ስለዚህ ነበር። ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም ግን እንዳትሉ፤ የሚበሉም ብዙ ናቸው። ጾም የላቸውም እንዳትሉም፤ በጨረቃ አቈጣጠር በየአሥራ አንደኛው ቀን ከእህል የሚከለከሉ አሉ። ስለ ምስሎቻቸውም «ጣዖት» የሚለው ቃል ለአፋችን የቀረበ ነው። ሂንዱው ግን «ምስሉ ራሱ አምላክ አይደለም፤ ከአምላክ ጋር የምገናኝበት ነው» ቢለን፣ በቃላችን ውስጥ ራሱን አያገኝም ማለት ነው።

ጾምን ለሰላም ያዋለ አንድ ሂንዱ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በጥር ወር 1948 እ.ኤ.አ. ህንድና ፓኪስታን በተለያዩ ማግሥት፣ በዴልሂ ሂንዱዎች፣ ሲኮችና ሙስሊሞች እርስ በርሳቸው ይገዳደሉ ነበር። የሰባ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ማኅተማ ጋንዲ ግድያው እስኪቆም እህል አልቀምስም ብለው ጾም ጀመሩ። በስድስተኛው ቀን የየወገኑ መሪዎች ሰላም ለማውረድ ቃል ገቡላቸውና ጾማቸውን ፈቱ። ከዚያ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተኵሶ የገደላቸው የራሳቸው ሃይማኖት ተከታይ የሆነ አክራሪ ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው፤ ሁሉም ይጾማል» የሚል ተማሪ ይኖራል። ይህ አነጋገር ከመልካም ልብ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልስማማበትም። ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ጋውታማ ለዓመታት ራሱን በረኃብ እየቀጣ እውነትን ፈለገ፤ አካሉ አጥንት እስኪሆን ድረስ ከስቶ ሳለ ግን በረኃብ የሚገኝ ጥበብ የለም ብሎ ምግብ ተቀበለ። ምቾትንም ሥቃይንም የማይከተለውን «መካከለኛ መንገድ» ማስተማር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሕይወት በመከራ የተሞላ ነው፤ የመከራው ምንጭ ምኞት ነው፤ ምኞት ሲጠፋ መከራው ይጠፋል፤ ወደዚያም የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ፤ የትምህርቱ መሠረት ይህ ነው። ዓለምን የፈጠረ አምላክም በዚህ ትምህርት ውስጥ ስፍራ የለውም። በታይላንድ መነኰሳቱ ማለዳ ሳሕናቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ምግብ ይቀበላሉ፤ ከቀትር በኋላም አይበሉም። ላየው ሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ ይመስላል። ሥራው ይመሳሰላል፤ ከሥራው በስተኋላ ያለው እምነት ግን እጅግ የተራራቀ ነው። በ1469 እ.ኤ.አ. የተወለዱት የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክም ጾም በራሱ ጽድቅ ያስገኛል ብለው አላስተማሩም። ሲኮች ከመጾም ይልቅ በማብላት ይታወቃሉ፤ በአምሪትሳር ከተማ ባለው ወርቃማ ቤተ መቅደሳቸው በየቀኑ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ሀብታምና ድሃ፣ ሲክና ሲክ ያልሆነ ሳይባል፣ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ምግብ በነፃ ይበላሉ።

«ታላላቅ ሃይማኖቶች» የሚለው አርእስት ራሱ የሚያስቀራቸው እንዳሉም አትርሱ። በአገራችን ዋቄፈና ተከታዮቹ በአንድ ፈጣሪ፣ በዋቃ፣ የሚያምኑበት የኦሮሞ ሕዝብ ጥንታዊ እምነት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ምስጋና የሚያቀርቡበት ኢሬቻ የተባለው በዓል፣ በተከታይ ብዛት ሊመዘን የማይገባው የምስጋና ሥርዓት ነው።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ክርስቲያኖች ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው፣ ተሰቅሎ ሞተ፣ ተነሣ ብለው ያምናሉ። ሙስሊሞች ዒሳን ከድንግል መርየም የተወለደ ታላቅ ነቢይ አድርገው ያከብሩታል፤ ከቍርኣን ምዕራፎች አንዱ በእናቱ ስም ተሰይሟል፤ ነገር ግን የአምላክ ልጅነቱንም መሰቀሉንም አይቀበሉም። አይሁድ መሲሕ ገና ይመጣል ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች «ያው ነው፤ ልዩነት የላችሁም» ማለት ለሦስቱም የተወደደውን ነገር ዋጋ የለውም እንደ ማለት ነው። ጎረቤቴ የሚኖርለትን እምነት እንደ ቀላል ነገር ቈጥሬ ከማስታርቀው ይልቅ፣ ልዩነቱን በግልጽ ነግሮኝ አብረን ቡና ብንጠጣ እመርጣለሁ።

ለዚህም በታሪክ ምሳሌ አለ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ ስደት የደረሰባቸው የነቢዩ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አሳዳጆቻቸው መልእክተኞች ልከው ንጉሡ ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ስለ ክርስቶስም የከፋ ነገር ይናገራሉ ብለው ከሰሷቸው። የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በክርስቲያኑ ንጉሥ ፊት ቆሞ ስለ ዒሳ ምን እንደሚያምኑ ተጠየቀ። ያሉበትን አደጋ አስቡት፤ «እንደ እናንተው ነን» ብሎ ማለፍ ይቀለው ነበር። እሱ ግን ነቢዩ ያስተማሯቸውን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ዒሳ የአላህ አገልጋይና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱም የተላለፈ ቃሉ መሆኑን አስረዳ። ንጉሡ ከሰማ በኋላ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ጥገኝነት ያገኙት ልዩነታቸውን ደብቀው አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። በወሎ ሠርግ የምትደግስ እናት ማንበብና መጻፍ ባትችልም፣ ሙስሊሙ በክርስቲያን የታረደ፣ ክርስቲያኑም በሙስሊም የታረደ ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለች። ስለዚህ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ለብቻው ከብት ታዘጋጃለች፤ ከራሳቸው ወገን የሆነ ሰው ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳሕኑ ሁሉ ይለያል። ቤቱ ግን አንድ ነው፤ ሙሽሮቹም የሁሉም ናቸው። ይህች እናት «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» ብትል ኖሮ ሁለተኛውን ድስት አትጥድም ነበር፤ እንግዶቿም ሳይበሉ ይሄዱ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምትጽፉት ድርሰት ከእናንተ የተለየ እምነት ስላለው የአንድ ሰው የጾም፣ የጸሎት ወይም የበዓል ሥርዓት ይሆናል። መረጃችሁን የምታገኙት ስለ እሱ ከሰማችሁት ወሬ ሳይሆን ከራሱ አፍ ይሁን። ስትጠይቁት «ለምን እንደ እኛ አታደርግም?» አትበሉት፤ «ይህን ስታደርግ ምን ታስባለህ?» በሉት። ሽማግሌ ወይም ባልቴት ከሆኑ በሰላምታና በአክብሮት ቅረቡ፤ በጸሎታቸው ሰዓትም አትድረሱባቸው። መናገር የማይወዱት ነገር ካለ እለፉት። ጽሑፋችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለነገራችሁ ሰው አንብቡለት፤ «እንዲህስ አላልሁም» ካለም በፊቱ ሰርዛችሁ አርሙት።